ከጤና ኬላ መዝገብ እስከ መረጃ ቋት፦ ኮምፒዩተርና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ለጤና ባለሙያ

መግቢያ

ኮምፒዩተር በጤና ተቋሞቻችን እንግዳ ዕቃ መሆኑ ካበቃ ሰንብቷል። በካርድ ክፍል፣ በላቦራቶሪ፣ በመድኃኒት መጋዘንና በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በታብሌት መልክ ይዛው ቤት ለቤት ትዘዋወራለች። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን መሣሪያውን የተዋወቅነው በሥራ ላይ፣ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው በኋላ እንደሚጫን በቃል በመያዝ ነው። ይህ የዕለት ሥራን ለማከናወን ይረዳል፤ መሣሪያው የተሳሳተ ውጤት ሲያወጣ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን አይበቃም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮምፒዩተርንና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን መሠረታዊ ሐሳቦች ከጤና ሥራ ጋር አያይዞ ማስተዋወቅ ነው። ጽሑፉ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ላሉ ተማሪዎችና በጤና ጣቢያ፣ በሆስፒታልና በወረዳ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለምሳሌነት የተመረጠችው የምሥራቅ ጎጃሟ አምበር ናት። አምበር የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በደጀንና በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህች ወረዳ በሚገኝ አንድ ጤና ኬላ አንድ ሕፃን የኩፍኝ ክትባት ወሰደ እንበል። በመዝገብ ላይ የሚሰፍርለት ምልክት አዲስ አበባ እስኪደርስ የሚያደርገውን ጉዞ ብንከተል ኮምፒዩተር ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ግልጽ ይሆንልናል። ከጅምሩ ሊያዝ የሚገባው ነጥብ፣ ኮምፒዩተር የተሰጠውን መረጃ ያሰላል፣ ያባዛል፣ ያደርሳል እንጂ የተሰጠው መረጃ እውነት መሆኑን በራሱ አያውቅም የሚለው ነው።

የኮምፒዩተር አካላትና አሠራር

ኮምፒዩተር መረጃ የሚቀበል፣ በታዘዘው መሠረት የሚያቀናብር፣ የሚያስቀምጥና ውጤቱን የሚያወጣ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ላፕቶፑ፣ ታብሌቱና በኪሳችን ያለው ስማርት ስልክ በመጠን ቢለያዩም በዚህ ትርጉም ሁሉም ኮምፒዩተሮች ናቸው። በላቦራቶሪ የሚገኘው የደም ሕዋስ ቆጣሪም በውስጡ ኮምፒዩተር አለው።

እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ኤኒያክ 18,000 ገደማ የቫኪዩም ቱቦዎች የነበሩትና ክብደቱ ወደ 30 ቶን የሚጠጋ መሣሪያ ነበር። በ1947 ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። በ1971 ደግሞ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮችን በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ያሰፈረ፣ 4004 የተሰኘ ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በአንድ ስማርት ስልክ ፕሮሰሰር ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ከኤኒያክ ወዲህ የተለወጠው በዋናነት ፍጥነቱ፣ መጠኑና ዋጋው ሲሆን፣ መቀበል፣ ማቀናበር፣ ማስቀመጥና ማውጣት የሚለው ሥራ ያው ነው።

የሚታዩትና የሚዳሰሱት አካላት በጥቅል ሃርድዌር ይባላሉ። አሠራራቸውን ከካርድ ክፍል ጋር ብናነጻጽር ለመረዳት ይቀላል። መጻፊያው ቁልፍ፣ ማውሱና የንክኪ ስክሪኑ መረጃ የሚገባባቸው መስኮቶች ናቸው። ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ እየተቀበለ የሚሠራው ሠራተኛ ነው። ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ሠራተኛው ለጊዜው የሚሠራባቸውን ካርዶች የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ሲሆን፣ ሃርድ ዲስክ ወይም ሌላው ቋሚ ማከማቻ ካርዶቹ የሚደረደሩበት መደርደሪያ ነው። ስክሪኑና ማተሚያው ውጤቱን ያወጣሉ።

የጠረጴዛውና የመደርደሪያው ልዩነት ለሥራችን ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ራም የያዘውን የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ በጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ ወደ መደርደሪያው የተመለሰው ግን ይተርፋል። ጽሑፍን በየጊዜው ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዩፒኤስ የሚባለው የባትሪ መሣሪያም ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች በማቆየት የተጀመረውን ሥራ አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ያስችላል። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ኮምፒዩተር ሲታቀድ ዩፒኤስና የፀሐይ ኃይል ምንጭ አብረው መታቀድ ይኖርባቸዋል።

ቁጥርና ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ

ኮምፒዩተር በውስጡ የሚለየው ሁለት ሁኔታዎችን ብቻ ነው፤ በልማድ 0 እና 1 ተብለው ይጻፋሉ። አንዱ 0 ወይም 1 ቢት ይባላል። ስምንት ቢቶች አንድ ባይት ይሆናሉ፤ በአንድ ባይትም 256 የተለያዩ ምልክቶችን መወከል ይቻላል። ለምሳሌ የሕፃኑ ዕድሜ 9 ወር ቢሆን ኮምፒዩተሩ ውስጥ 1001 ተብሎ ይቀመጣል፤ ይኸውም አንድ ስምንት፣ አራት የለም፣ ሁለት የለም፣ አንድ አንድ ማለት ነው። ሺህ ያህል ባይት ኪሎባይት፣ ሚሊዮን ያህሉ ሜጋባይት፣ ቢሊዮን ያህሉ ጊጋባይት ይባላል። የአንድ ወር የጤና ጣቢያ ሪፖርት በጥቂት ኪሎባይት ሊጠቃለል ሲችል አንድ ዲጂታል የደረት ራጅ ግን በርካታ ሜጋባይት ይፈጃል። ሪፖርቱ በደካማ ኔትወርክ ሲያልፍ ራጁ የማያልፈው ስለዚህ ነው።

ፊደልም በኮምፒዩተር ውስጥ ቁጥር ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ለአማርኛ ጽሕፈት የተሠሩ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ይህን ችግር የፈታው የዓለምን ፊደላት በአንድ ሰንጠረዥ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም ውስጥ ተካቷል። በዚህ ሰንጠረዥ «ሀ» ቁጥሯ 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» ደግሞ 4736 ነው።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ለጤና ባለሙያ አስፈላጊ የሆኑበት ምክንያት አለ። በጆሯችን አንድ ድምፅ የሆኑት ፊደላት ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ፀ በጸ ሊተካ ይችላል፤ ሐ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አራት በሁለት፣ በስድስት ሲባዛ 48 ይሆናል። በሌላ አነጋገር አንድ ስም 48 ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። ፕሮግራሙ እነዚህን እንዲያመሳስል በተለይ ካልታዘዘ በቀር በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበችውን ታካሚ በሌላው ስንፈልጋት «አልተገኘችም» ይለናል። አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ በአሮጌው ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ሳይታይ ይቀራል። ስለሆነም ታካሚን መፈለግ የሚገባው በቅድሚያ በካርድ ቁጥር ነው። በስም ሲፈለግም የአባት፣ የአያትና የቀበሌ ስም መደረብ አለበት። በአንድ ተቋም ውስጥ ወጥ የሆነ የስም አጻጻፍ ልማድ ማበጀትም ይጠቅማል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ተግባራዊ ነጥብ አለ። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር የስልክ መልእክት 160 ፊደላት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ለእናቶች የክትባት ወይም የክትትል ቀጠሮ ማስታወሻ የሚያዘጋጅ ሰው መልእክቱን ከ70 ፊደላት ባያሳልፍ ወጪው በእጥፍ አያድግበትም።

ሶፍትዌርና የመረጃ ቋት

ሃርድዌሩ የሚሠራው ትእዛዝ ሲሰጠው ነው። የትእዛዞቹ ስብስብ ሶፍትዌር ይባላል። ዊንዶውስና አንድሮይድን የመሳሰሉት የመሣሪያውን አካላት የሚያስተዳድሩ መሠረታዊ ሶፍትዌሮች ሲሆኑ፣ በእነርሱ ላይ ተደላድለው የተወሰነ ሥራ የሚያከናውኑት ደግሞ የአገልግሎት ፕሮግራሞች ናቸው። ደብዳቤ መጻፊያው፣ የሠንጠረዥ ማስሊያው፣ የካርድ ክፍሉ ፕሮግራም በዚህ ክፍል ይመደባሉ።

በጤና ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የመረጃ ቋት ነው። የመረጃ ቋት መረጃን በተወሰነ ሥርዓት የሚያከማችና ለሚቀርብለት ጥያቄ ፈጥኖ መልስ የሚሰጥ ማከማቻ ነው። በወረቀት መዝገብ «የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ወስደው ሁለተኛውን ያልወሰዱ ሕፃናት እነማን ናቸው?» ብሎ መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሚገባ የተሞላ የመረጃ ቋት በሰከንዶች ውስጥ የስም ዝርዝር ያወጣል። የኮምፒዩተር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ አደጋም እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ምሳሌዎች እንመልከት። የአንድ ቀበሌ የክትባት ዕቅድ 52 ሕፃናት ሆኖ 56 ተከተቡ ተብሎ ቢገባ ኮምፒዩተሩ ያለ ማመንታት 108 በመቶ ብሎ ያሰላል። ከተከተቡት ውስጥ ከሌላ ቀበሌ የመጡ ይኖሩ ይሆናል፤ አንዱ ሕፃን ሁለቴ ተቆጥሮ ይሆናል፤ ወይም 52 የሚለው ዕቅድ ራሱ የተሳሳተ ይሆናል። ዕቅዱ የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ትንበያ ላይ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀበሌ ደረጃ ከእውነታው ሊርቅ እንደሚችል ግልጽ ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች ትክክለኛውን የሚለየው በቦታው ያለው ባለሙያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የባዶና የዜሮ ልዩነት ነው። በሪፖርቱ ላይ የኩፍኝ ሕሙማን ቁጥር «0» ተብሎ ከተሞላ «ተፈልጎ አልተገኘም» ማለት ነው። ቦታው ባዶ ከተተወ «አናውቅም» ማለት ነው። ሪፖርቱን ለመጨረስ ሲባል ባዶውን ሁሉ በዜሮ የሚሞላ ሰው ያላየውን እንዳየ አድርጎ መስክሯል። የኩፍኝ ወረርሽኝ የሚጀምረው እንዲህ ባሉ ዜሮዎች ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

ኔትወርክና ኢንተርኔት

ኮምፒዩተሮች መረጃ እንዲለዋወጡ ሲያያዙ ኔትወርክ ይባላል። የአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ ኮምፒዩተሮች በገመድ ቢያያዙ ውስጣዊ ኔትወርክ ይሆናል፤ ይህም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኢንተርኔት ማለት በዓለም ዙሪያ ያሉ እንዲህ ያሉ ኔትወርኮች እርስ በርስ የተያያዙበት ትልቅ ኔትወርክ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተጀመረው አርፓኔት ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው የምንገለገልበትን ድር ቲም በርነርስ ሊ በ1989 በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን የምርምር ተቋም ሐሳቡን አቀረበ። ወደ አገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሄልዝኔት የተባለው አገልግሎት በዝቅተኛ ምኅዋር በምትዞር ሳተላይት አማካይነት ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች ለሚገኙ የጤና ባለሙያዎች ኢሜይል ያደርስ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። ሐኪሞች ከኢሜይል ጋር የተዋወቁት አስቀድመው ነበር።

ከአምበር የሚላክ ሪፖርት በኔትወርክ ውስጥ እንደ አንድ ጥቅል አይጓዝም። በትንንሽ እሽጎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ እሽግ የመድረሻ አድራሻና ተራ ቁጥር ይይዛል፤ የጠፋ ካለ ተቀባዩ በቁጥሩ አውቆ እንዲላክለት ይጠይቃል። እሽጎቹ ከመሣሪያው ወደ ሞባይል ማማ፣ ከማማው ወደ ቴሌኮሙ ማዕከል፣ ከዚያም በመስታወት ገመድ ወደ ሰርቨሩ ይደርሳሉ። ሰርቨር የሚባለው የብዙ ተጠቃሚዎችን ጥያቄ የሚያስተናግድ፣ ያለማቋረጥ የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው።

ይህ ጉዞ ሊቋረጥ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፕሮግራሞችን መለየት ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ኔትወርክ ከሌለ ጨርሶ አይሠሩም። ሌሎቹ መረጃውን በመሣሪያው ላይ መዝግበው ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ሰርቨሩ ያስተላልፋሉ። ሁለተኛው ዓይነት ለገጠር ተመራጭ ነው፤ ነገር ግን መረጃው እስኪተላለፍ ድረስ ያለው በዚያች አንዲት ታብሌት ውስጥ ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ታብሌቷ ብትጠፋ ወይም ብትሰበር መረጃው አብሮ ይጠፋል። ኔትወርክ በማያስተማምንበት አካባቢ የወረቀት መዝገብን ጠብቆ ማቆየት አስፈላጊ ጥንቃቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የአገራችን የጤና መረጃ ሥርዓት

አሁን ወደ ሕፃኑ ክትባት እንመለስ። ክትባቱ በጤና ኬላው መዝገብና በቤተሰብ ማኅደሩ ላይ ይሰፍራል። በወሩ መጨረሻ ተቆጥሮ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል። ከዚያም በአምበር ወደሚገኘው የአነደድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ዞን ጤና መምሪያ፣ ወደ ባሕር ዳር ክልል ጤና ቢሮ፣ በመጨረሻም ወደ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። ቀደም ሲል በእያንዳንዱ ደረጃ ወረቀቱ እንደገና ይደመርና ይገለበጥ ነበር። አንድ የድምር ስሕተት በአንዱ ደረጃ ከገባ በቀጣዮቹ ሁሉ ይከተል ነበር።

ይህን ለማሻሻል በ2000 ዓ.ም. ገደማ የጤና አስተዳደር መረጃ ሥርዓቱ ቅጾችን አንድ ወጥ በማድረግ፣ በማቅለልና በማቀናጀት መርህ እንደገና ተቀረጸ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በቆየው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥም «የመረጃ አብዮት» ከዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሶፍትዌር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1994 ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጅ፣ በነጻ የሚገኝና በብዙ ታዳጊ አገሮች የሚሠራበት ነው። በእርሱ አማካይነት ጤና ጣቢያው ያስገባው ቁጥር በየደረጃው መገልበጥ ሳያስፈልገው ለሁሉም ይታያል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የቤተሰብ ማኅደሩን ወደ ታብሌት አምጥቷል። ለፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክትትል ስማርት ኬር፣ ለመድኃኒት ክምችት ደግሞ ዳጉ የተሰኙ ፕሮግራሞች አገልግሎት ላይ ውለዋል።

ዳጉ የሚለው ቃል ራሱ ትምህርት ይሰጣል። በአፋር ሕዝብ ባህል ዳጉ መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። ተናጋሪው የሰማውን ብቻ ሳይሆን ከማን እንደሰማ፣ ራሱ አይቶ እንደሆነም ይጠየቃል። በኮምፒዩተር ለሚመጣ ቁጥርም ተመሳሳይ ጥያቄ ማቅረብ ይገባል፤ ከየትኛው መዝገብ መጣ? ማን ቆጠረው?

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ጎላ ብሎ መነገር አለበት። የመረጃው ጉዞ ወደ ላይ ብቻ ከሆነ ጤና ኬላው የቁጥር አቅራቢ ይሆናል እንጂ ተጠቃሚ አይሆንም። የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ወስዶ ሁለተኛውን ያልወሰደ ሕፃን ቤት የሚታወቀው በአዲስ አበባ ሳይሆን በቀበሌው ነው። ስለዚህ በየወሩ የሚሰበሰበው የክንውን ክትትል ቡድን የመጀመሪያ ጥያቄው «ሪፖርቱ ተልኳል ወይ?» ሳይሆን «ይህ ቁጥር ምን እንድንሠራ ያዘናል?» የሚል ሊሆን ይገባል።

የዘመን አቆጣጠርና የሰዓት ጉዳይ

በአገራችን ኮምፒዩተር የሚጠቀም ባለሙያ ብዙው ዓለም የማያውቀው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሲመጡ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሞሉ ናቸው። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር መቀበል ይችላል። ሁሉም ፕሮግራም ግን እንዲህ አይደለም።

ሕፃኑ የተወለደው ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው እንበል። ይህ ቀን በአውሮፓውያን ጥቅምት 16 ቀን 2023 ነው። መዝጋቢው የአገራችንን ቀን እንዳለ፣ ማለትም 5/2/2016 ብሎ በአውሮፓ አቆጣጠር ወደሚሠራ ፕሮግራም ቢያስገባ ኮምፒዩተሩ የካቲት 5 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. የተወለደ ልጅ አድርጎ ይወስደዋል። ሕፃኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዘጠኝ ወር ሲሞላውና የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮው ሲደርስ በኮምፒዩተሩ ሂሳብ ዕድሜው 8 ዓመት ከ5 ወር ይሆናል። ስሙ በተጠሪ ሕፃናት ዝርዝር ላይ አይወጣም፤ የሚፈልገውም የለም። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ የተሰጠውን ቀን በትክክል አስልቷል። በዝርዝሩ ላይ አለመውጣት ክትባት ሳያገኙ መቅረት ሊሆን ስለሚችል ቀን ከመመዝገብ በፊት ፕሮግራሙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ካስገቡ በኋላም ፕሮግራሙ ያሰላውን ዕድሜ ፊት ለፊት ካለው ሕፃን ጋር ማመሳከር ያሻል።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። በእኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚባለው በመሣሪያው 8 ሰዓት ነው። በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ሲመዘገብ አንዱ ተረኛ በአገር ሰዓት፣ ሌላው በመሣሪያው ሰዓት ከጻፉ አንድ መጠን ሊዘለል ወይም ሊደገም ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ሰዓት ብቻ እንዲሠራበት መስማማት ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሪፖርት ወራችንም ልዩ ነው። የወሩ ሪፖርት የሚሸፍነው ካለፈው ወር 21 ጀምሮ እስከ ወሩ 20 ያለውን ጊዜ ነው። የመዝገብ ቆጠራውና ኮምፒዩተሩ ላይ የሚሞላው ወር ካልተናበቡ ትክክለኛ ቁጥር በተሳሳተ ወር ይገባል።

የምሥጢር ጥበቃና የመረጃ ደኅንነት

የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ ከሕክምና ሙያ እኩል ዕድሜ ያለው ግዴታ ነው። ኮምፒዩተር ግዴታውን አልቀየረውም፤ የመጣሱን ጉዳት ግን አብዝቶታል። አንድ የወረቀት ካርድ ቢወጣ የአንድ ሰው ምሥጢር ይወጣል። አንድ ፍላሽ ዲስክ ቢጠፋ የአንድ ወረዳ ሕሙማን ዝርዝር ሊወጣ ይችላል። አምበርን በመሰለች፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ የአንዲት ሴት የኤችአይቪ ውጤት መታወቅ ትዳሯንና ኑሮዋን ሊያናጋ ይችላል።

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ሁለተኛው አዋጅ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው የግል መረጃዎች መካከል መድቦታል። ለዕለት ሥራችን ይህ ማለት የይለፍ ቃልን ለሥራ ባልደረባም ቢሆን አለማካፈል፣ ከኮምፒዩተሩ ስንነሳ መዝጋት፣ ምክር ለመጠየቅ በቴሌግራም የምንልከው የታካሚ ፎቶግራፍ ወይም ራጅ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ፊት እንዳይኖረው ማድረግ ማለት ነው። በአንድ የይለፍ ቃል አምስት ሰው ሲሠራ ስሕተት ቢገኝ ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ኃላፊነትም አብሮ ይጠፋል።

ሌላው አደጋ የኮምፒዩተር ቫይረስ ነው። ቫይረስ ራሱን እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም ሲሆን፣ በፍላሽ ዲስክና በኢሜይል ይተላለፋል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም በብዙ አገሮች ተሰራጭቶ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ፋይሎችን በመቆለፍ ቀጠሮዎች እንዲሰረዙ አድርጓል። የተጠቁት በዋናነት ማሻሻያ ያልተጫነላቸው ኮምፒዩተሮች ነበሩ። መከላከያው ከተላላፊ በሽታ መከላከያ ብዙ አይርቅም፤ ምንጩ ያልታወቀ ፍላሽ አለመሰካት፣ ማሻሻያዎችን በጊዜው መጫን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመረጃውን ቅጂ ከኮምፒዩተሩ በተለየ ቦታ በየጊዜው ማስቀመጥ ነው።

ኢንተርኔትና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ለሙያ ዕውቀት

በገጠር የሚሠራ ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መራቁ ዕውቀቱን ማደስ አይከለክለውም። ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው ሂናሪ ደግሞ በታዳጊ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት ሙሉ ጽሑፎችን ያቀርባል። በኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ጽሑፍ ሁሉ ግን እኩል ክብደት የለውም፤ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈና በባለሙያዎች መገምገሙን ማየት ያስፈልጋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞች ወደ ሕክምና ገብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ሲጣሩ የደረት ራጅን በኮምፒዩተር ማንበብ እንደሚቻል መክሯል። ይህ ራጅ አንባቢ ስፔሻሊስት በሌለበት ከፍተኛ እርዳታ ይሰጣል። በጽሑፍ የሚጠየቁትና የሚመልሱት ፕሮግራሞች ግን ሌላ ናቸው። እነዚህ ከብዙ ጽሑፎች በተማሩት መሠረት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ስለሚጽፉ የተሳሳተውንም በተስተካከለ ቋንቋ ሊያቀርቡት ይችላሉ። ረቂቅ ለማዘጋጀትና ሐሳብ ለማደራጀት ይረዳሉ፤ የመድኃኒት መጠን ግን ከአገሪቱ የሕክምና መመሪያ ጋር ሳያመሳክሩ ከእነርሱ መውሰድ አይገባም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጹት ለዕለት ሥራ የሚከተሉትን ማስታወስ ይበጃል።

1. ወደ ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት መረጃው በመዝገቡ ላይ ትክክል ይሁን።
2. ያልታወቀን በዜሮ አንሙላ።
3. ታካሚን በካርድ ቁጥር እንፈልግ፤ የስም አጻጻፍን ወጥ እናድርግ።
4. ቀንና ሰዓት ከመመዝገባችን በፊት አቆጣጠሩን እናረጋግጥ።
5. ሥራችንን በየጊዜው እናስቀምጥ፤ ቅጂውንም በሌላ ቦታ እንያዝ።
6. የይለፍ ቃላችንን ለማንም አንስጥ።
7. ሪፖርት ከመላካችን በፊት ቁጥሩ ለራሳችን ሥራ ምን እንደሚነግረን እንጠይቅ።

ኮምፒዩተር ለአነስተኛ ጤና ኬላ ቀድሞ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ብቻ የነበረውን የማስላትና የማስታወስ አቅም ሰጥቷል። ሕፃኑን አይታ የከተበችውና በመዝገብ ያሰፈረችው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ከእርሷ ብዕር በኋላ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ በአምበርም፣ በደብረ ማርቆስም፣ በአዲስ አበባም የሚያስተላልፉት እርሷ የጻፈችውን ነው። በመሆኑም በጤና መረጃ ሥርዓት ላይ የሚደረግ ማናቸውም መሻሻል ለእርሷ ሥልጠና፣ ጊዜና ድጋፍ በመስጠት ሊጀምር ይገባል።